ተሳፋሪዋ ሞተር ሳይክል

አባባ ጡረታ በወጡበት ዓመት መሥሪያ ቤታቸው አሮጌ ንብረት በጨረታ ሸጠ። እማዬ ወንበር እንዲጫረቱ ላከቻቸው። እሳቸው ሞተር ሳይክል ይዘው መጡ፤ ያውም እየገፉ።

ያማሃ ኤጂ 100 ናት። ጃፓኖች ለእርሻ ሥራ አስበው ስለሠሯት ጌጥ ብሎ ነገር የላትም፤ ሰንሰለቷ ጭቃ እንዳይነካው ተከድኗል፣ ፊትም ኋላም ዕቃ መጫኛ አላት፣ መቆሚያዋ በግራም በቀኝም ነው። አባባ የግብርና ባለሙያ ሳሉ መተሐራ ላይ ሲጋልቧት ኖረዋል። ሰበታ እኛ ቤት ከገባች በኋላ ግን የጋለባት የእማዬ አውራ ዶሮ ብቻ ነበር።

እናድሳት ያለው ቡራዩ የሚኖረው ታላቅ ወንድማችን ጋሽዬ ነው። ይህ ነገር እስከዛሬ ያከራክራል፤ ሥራው ሲሰምር ሐሳቡ የእሱ ነው፣ ሲበላሽ የኔ። ለማንኛውም ሞተሩ ተነቅሎ ቡራዩ ሄደ፤ የጋሽዬ ጎረቤት ቶርኖ ቤት አለው። አፅሟና ሰርባቶዮዋ ሱሉልታ፣ እህታችን ሰፊ ግቢ ገቡ። ብሎኑ በሙሉ ሰበታ፣ እኔና አባባ ዘንድ፣ በእማዬ ሰፌድ ላይ ተሰጣ።

በ2015 ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ ተብለው ሲጠቃለሉ ጋሽዬ “በቃ፣ ያንድ ከተማ ሰዎች ሆንን” ብሎ ደስ አለው። ታዲያ አንዱ ያለው የጅማ መንገድ ላይ ነው፣ አንዱ የአምቦ፣ አንዱ የጎጃም፤ ቀናው መንገድ አዲስ አበባን ሰንጥቆ ማለፍ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ በዛ ተብሎ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ፈቃድ ላልተሰጠው ሞተር ሳይክል ዝግ ናት። የኛዋ ቦርሳ ልትነጥቅ ቀርቶ ከቦርሳው ባለቤት እኩል የመራመድ አቅም የላትም፤ ግን ሕግ ሕግ ነው። ስለዚህ አንድ ነገሯ ከቦታ ቦታ መሄድ ባስፈለገው ቁጥር በአይሱዙ ተጭኖ፣ ሸራ ለብሶ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ያልፋል። እህቴ ዕቃው በአየር ጤና በኩል አልፎ አዲሱ ገበያ እስኪደርስ ድረስ እየደወለች “ተሳፋሪዋ የት ደረሰች?” ትላለች።

መለዋወጫ ፍለጋ የኔ ድርሻ ነው። ሶማሌ ተራ ገብቼ የፒስቶን ፋሻ ስጠይቅ አንዱ ነጋዴ የሞተሯን ስም ሰምቶ፣ “ወንድሜ፣ ሙዚየም ሞክረሃል?” አለኝ። ፋሻው የተገኘው ምናለሽ ተራ ነው፤ ከተሰበረ የልብስ ስፌት መኪናና ከበር እጀታ መሀል፣ ከነቅባቱ በወረቀት እንደተጠቀለለ። ሻጩ ምንነቱን አላወቀም። እኔ ግን ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ጥርሴን ሲያይ ዋጋው እዚያው እጥፍ ሆነ።

ቤንዚን ሌላ ጣጣ ነው። ማደያው በጄሪካን አይቀዳም፤ “ሞተሯን ይዛችሁ ኑ” ይሉናል። ሞተሯ የማትሄደው ቤንዚን ስለሌላት ነው፤ ቤንዚን የማታገኘው ስለማትሄድ ነው። መፍትሔ የሆነችው የጋሽዬ ቪትዝ ናት። በጎማ ቱቦ ቤንዚኗን ስንስብ ሚስቱ በመስኮት ታየናለች፤ ምንም አትልም፣ ምሳ ላይ ግን ወጡ ይቀጥናል።

የሰርባቶዮውን ዝገት የጨረሰችው እህቴ ነች። ጠጠርና ነጭ ጋዝ ጨምራ፣ አፉን በጨርቅ ወትፋ፣ ወተት እንደሚናጥ ጭኗ ላይ አጋድማ ናጠችው። ጋሽዬ የዝገት ማስለቀቂያ ኬሚካል ስም ከስልኩ ላይ እየቆጠረ ሲያነብ እሷ ጨርሳ እጇን ትታጠብ ነበር።

ከሞተሯ በፊት እኛ እኅትማማችና ወንድማማች የምንገናኘው ለቅሶና ሠርግ ላይ ነበር፤ ስለ ኑሮ ውድነት ትንሽ አውርተን እንለያያለን። አሁን “ብሎኑን ያላላኸው አንተ ነህ” የምንባባልበት ጉዳይ አለን። ወንድሜን በወጉ መስደብ የጀመርኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው።

ሱሉልታ ላይ ገጣጥመናት ስትረገጥ ጥቁር ጭስ ትተፋና ትጠፋለች። ካንዴላዋ ሲፈታ ጥቀርሻ ብቻ ነው። አዲስ ካንዴላ ገባላት፤ ያው ጥቀርሻ። ነገሩን የደረሱበት አባባ ናቸው። መተሐራ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ናት፤ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር ትበልጣለች። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። አየሩ እየሳሳ ቤንዚኑ በቆላው ልክ ሲፈስላት ትታነቃለች። መድኃኒቱ ካርቡሬተሯ ውስጥ ቤንዚን የምታሾልከውን ትንሽ የነሐስ ፍሬ ቀዳዳዋ በጠበበ መለወጥ ሆነ።

“ሯጮቹም እኮ ለዚህ ስስ አየር ብለው ነው ሱሉልታ የሚመጡት፤ ቀነኒሳ ራሱ እዚህ መሮጫ መም ሠርቷል” አለ የእህቴ ልጅ።

“ቀነኒሳ ካርቡሬተር የለውም” አሉ አባባ።

ይኸው ልጅ፣ በ2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ባትሪ እንግጠምላት ይላል። አባባ ለዚህ መልስ አይሰጡም፤ “አሥራ ሁለት ቁጥር ኪያቤ አቀብለኝ” ብቻ ይላሉ።

ባለፈው እሑድ ተነሣች። ቦሎ ስለሌላት አባባ ኮታቸውን ቆልፈው ግቢው ውስጥ ላሞቹን ሁለት ዙር ዞሯቸው፤ አንዷ ጥጃ ገመዷን በጥሳ ጠፋች። አጨበጨብን፣ ፎቶ ተነሣን፤ ከዚያ ምን እንደምናደርግ ጠፋን። ጋሽዬ የቪትዟን ቁልፍ አወጣና፣ “እንግዲህ ለፋሲካ ያገናኘን” አለ።

እማዬ ቡና እየቀዳች ነበር። ያቺን ሞተር ላለፉት ዓመታት “ያ ብረት” ከማለት በቀር ስም ሰጥታት አታውቅም።

“ከታች በኩል ቋ ቋ የሚል ነገር አላት” አለች። “ካምቢዮዋ መሰለኝ።”

ሁላችንም ዝም አልን፤ ማናችንም አልሰማንም። ጋሽዬ ቁልፉን ወደ ኪሱ መልሶ “እኔም ሰምቼዋለሁ” አለ። አባባ ቡራዩ ሄዳ ትፈታ ብለው ፈረዱ፤ እኔም ለአይሱዙው ሾፌር ደወልኩ።