ክብር ለበሩ ደብተር

ከመገናኛ «ኮተቤ፣ ካራ!» እየተባለ የሞላ ታክሲ ካራ ማዞሪያው ላይ ሲደርስ ተሳፋሪውን መጀመሪያ የሚቀበለው ከእንጦጦ ጋራ የሚወርደው ብርድ ነው። በ2012 ዓ.ም. ግን ኮሮና ሲገባ ሌላ ተቀባይ ተጨመረ። በየባንኩ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየሕንፃው በር ላይ ሽጉጥ የሚመስል ቴርሞሜትር የጨበጠ ጥበቃ ቆመ፤ አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ ደግሞ ባለመስመር ደብተር ተዘረጋ። ስለ ሽጉጡ ብዙ ተወርቷል። ደብተሩ ግን እስከ ዛሬ አመስጋኝ አላገኘም።

ሽጉጡ ሥራው ከቆዳ የሚወጣውን ሙቀት ማንበብ ብቻ ነበር። ግንባር ላይ ሲደገን አንጎል ይጎዳል የሚል ወሬ ተነዛና ወደ እጅ አንጓ ወረደ። የካራ ጠዋት ያቀዘቀዘው አንጓ ደግሞ 33.8 ይላል። ሐኪም ቢጠየቅ የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ሰውዬው በአስቸኳይ ሊታከም ይገባዋል ይላል። በሩ ላይ ግን 33.8 በጥንቃቄ ይመዘገብና «ይለፉ» ይባላል። በዚህ ስሌት ያን ዘመን ስንቱ የካራ ሰው በብርድ ሊሞት አንድ ሐሙስ ቀርቶት ባንክ ገብቷል፣ ብር አውጥቷል፣ ተራምዶም ወደ ቤቱ ሄዷል።

አሁን ወደ ደብተሩ። ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የመጡበት ጉዳይ፣ የሙቀት መጠን፣ ፊርማ። እስክሪብቶው እንዳይሰረቅ በክር ታስሯል። መጨባበጥ በተከለከለበት ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ በዚያ በር ያለፈ እጅ ሁሉ የጨበጠው ይህንኑ አንድ እስክሪብቶ ነው። ከዚያ ደግሞ ግልጽነቱ! የሚፈርም ሰው ሁሉ ከእሱ በፊት የገቡትን ስምና ስልክ የማንበብ ሙሉ ነጻነት አለው። አንዲት ወጣት ቁጥሯን ጽፋ በገባች ማታ ከማታውቀው ሰው «ሰላም ነሽ?» የሚል መልእክት ቢደርሳት ምን ይገርማል? ባለሙያዎቹ «የንክኪ ልየታ» የሚሉት ነገር በዚህ በር ላይ እንዲህ ነበር የሚሠራው።

በሽታው ግን ቀልድ አልነበረም። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮሮና ሕሙማን ተለይቶ ሐኪሞቹና ነርሶቹ ከቤተሰብ ተነጥለው ሰነበቱ፤ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013፣ የአገሪቱ የክትባት ዘመቻ የተጀመረውም እዚያው ግቢ ነው። በመንግሥት ቆጠራ ብቻ ከ7,500 የሚበልጥ ሰው ሞቷል። ከታመመ ሰው ጋር የተገናኙትን ማፈላለግም ሕይወት የሚያድን ሥራ ነበር፤ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335ን ከፍቶ፣ ሠራተኞቹ ስልክ እየደወሉ ይህንኑ ሲሠሩ ነበር። እነዚህ ሠራተኞች አንድ ቀን ወደ በሩ መጥተው «እስቲ ያቺን ደብተር» ሲሉ ያየ ግን ካለ ይምጣና ይመስክር።

የጤና ሚኒስቴር የዕለቱ መግለጫስ ቢሆን? ስም አይጠራም፤ ስም መጥራት ነውር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚነገረው ዕድሜ፣ ጾታ፣ ዜግነት፣ ከየት አገር እንደገባ ብቻ ነበር። የቀረውን ሰፈር ይጨርሰዋል። አቦል ላይ ዕድሜው ይነሳል፣ ቶና ላይ ከዱባይ የመጣው የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል፣ በረካ ላይ የቤቱ ቁጥር ይደረስበታል። አምቡላንስ እያጮኸ ሲመጣና ከላይ እስከ ታች ነጭ የለበሱ ሰዎች ሲወርዱ መንደሩ ቀድሞ አጥር ላይ ተደርድሯል።

ሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ደብተርና ሰፈር ስላልተሰጠው ብዙ ደከመ። ሲንጋፖር ትሬስቱጌዘር የሚባል በብሉቱዝ የሚሠራ መተግበሪያ አወጣች፤ መረጃው ንክኪ ለመለየት ብቻ እንደሚውል ባለሥልጣናቷ ቃል ገቡ። በ2013 ዓ.ም. ግን ፖሊስም ለወንጀል ምርመራ ሊወስደው እንደሚችል ተገለጸ። ሕዝቡ ሲያጉረመርም፣ የትኞቹ ከባድ ወንጀሎች እንደሆኑ የሚገድብ ሕግ በፓርላማ ማጽደቅ ግድ ሆነ። የኖርዌይ ደግሞ ይብሳል። የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኑ «ይህ መተግበሪያ ከሚያስፈልገው በላይ ይሰበስባል» ቢል፣ የጤና መሥሪያ ቤቱ መተግበሪያውን አቁሞ የሰበሰበውን አጠፋ። ደብተር ቢይዙ ኖሮ ማን ይደርስባቸው ነበር?

በካራ ነገሩ ቀለል ያለ ነው። ቴርሞሜትሩ ባትሪው አለቀና መሳቢያ ገባ፤ ጭምብሉ ከአገጭ ወደ ኪስ ወረደ፤ ደብተሩ ግን ቀረ። «ለጤናዎ ነው» ይባል የነበረው «ለጸጥታ ነው» ሆነ። ሲንጋፖር ፓርላማ ሰብስባ የተወጣችውን ጣጣ እዚህ አንድ ሰው ሽፋኑ ላይ «የኮቪድ» የሚለውን ሰርዞ «የእንግዳ» ብሎ በመጻፍ ገላገለው። ጥበቃው ምን ያድርግ፣ ታዝዞ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ ሞልቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት ይከበር ይላል። የወንጀል ሕጉም በሥራው ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣ ሐኪም እንዲቀጣ ይደነግጋል። መጋቢት 26 ቀን 2016 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅን፣ ቁጥር 1321/2016ን፣ አጸደቀ፤ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፣ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ይዋል፣ ካስፈለገው ጊዜ በላይ አይቀመጥ የሚል ነው። አስፈጻሚውም የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሚያምር አዋጅ ነው። ለበሩ ደብተር ያነበበለት ግን አልተገኘም።

ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ሲመጣ ደብተሩ ጡረታ ይወጣል የተባለበትም ጊዜ ነበር። ዜጋው ሁለቱን ዓይኖቹን፣ አሥሩንም ጣቶቹንና ፊቱን ሰጥቶ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ተቀበለ። መንግሥት በዓይኑ ብሌን የሚያውቀው ይህ ሰው ካራ ወርዶ አንድ ሕንፃ ሊገባ ሲል «መታወቂያ አስይዙ» ይባላል። መታወቂያው እንደ ቢራ ጠርሙስ ማስያዣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥና ባለቤቱ ወደ ደብተሩ ይጎነበሳል። ስም፣ ስልክ፣ ወረዳ።

ከኮሮና በፊት፣ በ1911 ዓ.ም.፣ የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባን ሲያራግፍ የተገኘው ቴክኖሎጂ ጢስ ነበር ይባላል፤ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር ይታጠናል። ጢሱ ዓይን ያስለቅሳል እንጂ የማንንም ስልክ ቁጥር ጠይቆ አያውቅም።

ደብተሩ ሲሞላስ ወዴት ይሄዳል? እንደ ኖርዌይ የሚያጠፋ አዝራር የለው። ግን ወረቀት በዚህ ከተማ አይባክንም። ካራ ታክሲ ማዞሪያ ላይ ቆሎ የሚጠቀለለው በአሮጌ ደብተር ገጽ ነው። ብርዱ የጠናበት አንድ ተሳፋሪ ጥቅልሉን ገዝቶ፣ ቆሎውን ቆርጥሞ ጨርሶ፣ ወረቀቱን ከመጣሉ በፊት ቢዘረጋው የአንዲት ሴት ሙሉ ስም፣ የአባቷ ስም፣ ስልኳ፣ የቤት ቁጥሯ ይነበብ ይሆናል። በጨው ከረጠበው ጥግ ላይ ደግሞ 33.8።