የት ታድራለች?

የእሑዱን ሪፖርተር ገልጦ የሥራ ማስታወቂያውን በጣቱ እየተከተለ ያላነበበ የአዲስ አበባ ተመራቂ ያለ አይመስለኝም። እኔ ከገጹ በስተጀርባ ከነበሩት ነኝ። «አመልካቾች ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ፣ የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ በመያዝ» የምትለዋን እየጻፍኩ ነው ወጣትነቴ ያለፈው። ክፍት ቦታ ይመጣል፣ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሲቪ ይቆለላል፣ ፈተና ይሰጣል፣ ውል ይፈረማል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ሪክሩትመንት ማለት ይኸው ነው፤ የተከበረ ሥራም ነው። መልማዩ ጉቦ የማይቀበል፣ ዘመድ የማያስቀድም ሲሆን ስንት ቤት እንደሚቃና አይቻለሁ።

ታለንት አኩዊዚሽን የሚሉት ሙያ ግን ክፍት ቦታው ሳይኖር ይጀምራል፣ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላም ይቀጥላል። ልዩነቱ የገባኝ ከሲዳማዋ ሀገረ ሰላም ከተማ ወዲያ፣ አውቶቡሳችን ጭቃ የያዘው ሌሊት ነው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60 ሺህ ያህል ሠራተኛ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ይህን ያህል ሰው ከሐዋሳ ከተማ ብቻ አይገኝም። ስለዚህ ምልመላው በዙሪያው ወዳሉት ወረዳዎች ወጣ፤ ወጣቶች በየአካባቢያቸው ይመዘገባሉ፣ የትምህርት ደረጃቸውና የጣታቸው ቅልጥፍና እየታየ ይለያሉ፣ ወደ ፋብሪካዎቹ ይላካሉ። እኔ ያኔ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የቅጥር ባለሙያ ነበርኩ። ከላይ የሚመጣልኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ አውቶቡሱ ሞልቶ ይምጣ።

ክረምቱ ሲገባ ሁላ ወረዳ ወጣን። ደጋ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ልጃገረዶች ከነእናቶቻቸው ተሰልፈዋል። ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ እያልኩ ቅጹን ስሞላ አንዲት እናት ሰልፉን ትተው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። በሲዳምኛ ነው የተናገሩት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አስተረጎመችልኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይዘሃት ልትሄድ ነው። የት ታድራለች?»

«ከጓደኞቿ ጋር ከተማ ውስጥ ቤት ትከራያለች» አልኳቸው።

«ኪራዩን ከፍላ ምን ይተርፋታል? ብታማት ማን ውሃ ያቀብላታል?»

ፋብሪካው በሰጠኝ ቅጽ ላይ ለዚህ የሚሆን መስመር አልነበረም። የማውቀውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው፦ ደመወዙ ይኸ ነው፣ ሰርቪስ አለ፣ ማደሪያ የለም። ልጅቷ እሄዳለሁ አለች። እሳቸውም መርቀው ሸኟት።

ስንመለስ ዝናቡ ወረደ። የቀበሌው መንገድ ላቆጠ፤ የአውቶቡሱ የኋላ ጎማ እስከ ወገቡ ገባ። ድንጋይ ብናጎርስ፣ ቅጠል ብናነጥፍ፣ ሁላችንም ወርደን ብንገፋ ንቅንቅ አላለም። ሾፌሩ ተስፋ ቆርጦ ሞተሩን አጠፋ። በአቅራቢያው የነበረ ትምህርት ቤት ዘበኛ አዘነልንና አንድ ክፍል ከፈተልን። እዚያ ነው ያን ቀን የመዘገብኳትን የእኒያን እናት ልጅ ያየኋት። ማንም ሳያዛት ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ ደለደለች። ከእያንዳንዷ ጥቂት ብር ሰብስባ ከመንደሩ ቆጮና ትኩስ ቡና አስመጣች። ስታስል የነበረችውን ልጅ ከበሩ ብርድ አርቃ መሀል አስተኛቻት። ሲነጋ የተረፈውን ብር ለየባለቤቱ መለሰች።

በቅጼ ላይ የነበረችው ግን «10ኛ ክፍል፣ የሥራ ልምድ የለም» ተብላ ነው። እኛ በዚያው ሰሞን የመስመር ሱፐርቫይዘር ከስሪላንካና ከሕንድ እናስመጣ ነበር!

ሐዋሳ እንደደረስን ልጅቷ ለሱፐርቫይዘርነት እንድትሠለጥን ማስታወሻ ጻፍኩ። የቅጥር ክፍል ሥራ በር ላይ ያበቃል የሚል መልስ መጣልኝ። በረዳትነት መስመር ላይ ቆመች፤ ወራት ሳይቆጠሩ ለቃ ወደ አገሯ ገባች። ዳግመኛ ለምልመላ ወደዚያ ቀበሌ ስንወጣ ደጃፉ ላይ የተሰለፈው ሰው እፍኝ አይሞላም ነበር። ለምን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ እናቶች ይነጋገራሉ።

የእኛ ፋብሪካ ብቻ አልነበረም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ባደረጉት ጥናት፣ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀው ተገኝተዋል። እንዲህ በሚፈስበት ቤት መልማይ ሥራ አይፈታም፤ የሄደውን ሲተካ ይኖራል። ትእዛዝ ሲቀንስና ቅጥር ሲቆም ግን ቀድሞ የሚሸኘው እሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስታስወጣ ይህንንም አየሁ።

ሌላውን መንገድ የሚያሳየን ሩቅ አገር አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራው የሚመራው በአሜሪካው አየር መንገድ በቲደብሊውኤ ሰዎች ነበር። አብራሪም መካኒክም ከውጭ እየቀጠሩ መኖር ይቻል ነበር። ድርጅቱ ግን የራሱን ማሠልጠኛ አቋቁሞ ወጣቶችን ከሥር አስተማረ፤ ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሲሆኑ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ታለንት አኩዊዚሽን ብዬ የማምነው እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ነው። ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤት ስሙ በቢዝነስ ካርድ ላይ ይታተማል፤ የሚጠየቀው ግን ያው የአውቶቡሱ መሙላት ነው። ይህ ያንገበግበኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ፈቅዷል። ቢያንስ በዚያ ጊዜ ውስጥ የቀጠረው ሰው ሄዶ «እንዴት ነሽ? ቤት አገኘሽ ወይ?» ሊል ይገባዋል።

በቅርቡ የእኅቴ ልጅ ሁለት ሥራ ቀረበላት፤ በአንድ ባንክ የታለንት አኩዊዚሽን ኦፊሰርነት፣ በአንድ ኤጀንሲ ደግሞ መልማይነት። «ጋሼ፣ የቱ ይሻለኛል?» ስትለኝ ሁለቱንም ቤት አንድ ነገር እንድትጠይቅ መከርኳት፦ የቀጠርኩት ሰው ከመንፈቅ በኋላ የት እንዳለ የሚጠይቀኝ ማነው? ባንኩ፣ ያ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች ጉዳይ ነው አላት። ኤጀንሲው ግን የላኩት ሰው በሦስት ወር ውስጥ ከለቀቀ ያለ ክፍያ እንደሚተኩ፣ ስለዚህም በየወሩ እየደወሉ እንደሚከታተሉ ነገራት። ደመወዙ ከባንኩ ያንሳል። ኤጀንሲው ገባች።