ሸክላ ለመስበር ይህ ሁሉ ጣጣ

በእኛ ጊዜ ጠመንጃ አይመረጥም፤ ይወረሳል። አባት ሲያርፍ ምንሽሩ ከነዝናሩ ለታላቅ ልጅ ይተላለፋል፤ ልጁም ክንዱ አጠረም ረዘመም ከወረሰው ሰደፍ ጋር ተላምዶ ይኖራል። «ለትከሻህ ይስማማሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ኖሮ ወዳጅ ዘመዱ ተሰብስቦ ጸበል ይወስደው ነበር። ይኸው እኔ በስተርጅና ቨርጂኒያ ተቀምጬ፣ ልብስ ሰፊ ቤት እንደገባ ሙሽራ ክንዴን በሜትር እየተለካሁ ነው። ለምን ቢሉ፣ ሰማይ ላይ የሚወረወር ብርቱካንማ ሰሃን ለመስበር።

ጣጣውን ያመጣብኝ አማቼ ነው። ደግ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። «አባባ፣ ቀኑን ሙሉ ዜና ሲያዳምጡ ደምዎ ከፍ ይላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ወጣ ይበሉ» አለኝ። ቡና ሊጋብዘኝ መስሎኝ ሸሚዝ ቀይሬ ወጣሁ። ሴንተርቪል ካለው የቡል ረን የተኩስ ሜዳ ወስዶ ጆሮዬን በማፈኛ ደፈነው፣ ዓይኔ ላይ መነጽር ደረበብኝ፣ ጠመንጃውንም አስያዘኝ።

ሜዳው መልካም ነው። ዝምታው ግን! ሰው ሰሃኑን ብትንትኑን አውጥቶት እንኳ አንድ ፉከራ የለ፣ አንድ ሽለላ የለ። «ፑል!» ይላል፤ ማሽኑ ይወረውራል፤ ይተኩሳል፤ ቀለሁን ለቅሞ ወደሚቀጥለው ቦታ ይሄዳል። እኔ አንዱን ስመታ አመል ነውና «ዘራፍ!» አልኩ። አጠገቤ የነበሩት ነጮች የታመምኩ መስሏቸው ወንበርና ውኃ አመጡልኝ።

ደግሞ ሸክላ ይሉታል እንጂ ሸክላም አይደለም። ከሬንጅ መሰል ነገርና ከኖራ ድንጋይ ዱቄት የተጋገረ፣ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 100 ግራም ገደማ የሆነ ነገር ነው። ቀድሞ የሚተኮሰው በእውነተኛ እርግብ ላይ ነበር፤ በ1900 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሎምፒክ ጊዜ ሳይቀር እርግብ ፈጅተዋል። ሲንሲናቲ ላይ ሊጎውስኪ የሚባል ሰው በ1880 ዓመተ ምሕረት በፈረንጅ አቆጣጠር የሸክላ ሰሃኑን አመጣ። የመጀመሪያዎቹ በእሳት የተተኮሰ ሸክላ ስለነበሩ ጥይት አግኝቷቸው እንኳ አልሰበር ይሉ ነበር አሉ። እርግቦቹ በመትረፋቸው ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከእርግብ ይልቅ ለሰሃን የሚደረገው ዝግጅት መብዛቱ ነው።

በአማቼ ጠመንጃ ጥቂት እንደተኮስኩ አፍንጫዬ ማበጥ ጀመረ። አማቼ አጭር ነው፣ እኔ ረጅም ነኝ፤ ሰደፉን ለራሱ ክንድ አስቆርጦታል። በተኮስኩ ቁጥር ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመታ የገዛ አውራ ጣቴ አፍንጫዬን ይደቁሰዋል። «ለእርስዎ የራስዎ ያስፈልግዎታል» አለኝና ጠመንጃ መሸጫ ሄድን። እንግዲህ መከራው የጀመረው እዚያ ነው።

ሻጩ የልጅ ልጄ እኩያ ነው። ስሜን ቆራርጦ፣ አቶ የለ ጋሼ የለ፣ «ባለ 12 ነው ወይስ ባለ 20?» አለኝ። ሃያ ከአሥራ ሁለት ይበልጣል ብላችሁ ያሰባችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ እዚህ አገር ቁጥሩ ሲያድግ ጠመንጃው ያንሳል። አንድ ፓውንድ እርሳስ 12 ቦታ እኩል ተድቦልቡሎ አንዷ ድቡልቡል ልክ የምትገባበት አፍ ባለ 12 ይባላል፤ 18.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። 20 ቦታ ሲከፋፈል እያንዳንዷ ስለምታንስ አፉም ወደ 15.6 ይወርዳል። ይህን ተቀብዬ ተስማማሁ ስል ደግሞ 410 የሚሉት መጣ። እሱ የእርሳስ ቁጥር አይደለም፤ የአፉን ስፋት በኢንች ሺህኛ የሚናገር ነው። አንድ መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓይነት ሒሳብ! የአገራችን የመርካቶ ነጋዴ እንዲህ ቢያደርግ ደንብ አስከባሪ ይጠራበት ነበር።

ባለ 12ን ያዝኩ። ጥይቱ በየትም ይገኛል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይረክሳል፣ ቀለል ያለውን ከገዙለት ትከሻ አይሰብርም። በ28 ግራም ውስጥ ስምንት ቁጥር የሚባለው ፍሬ 400 ያህል ይገባል። አራት መቶ ፍሬ ለአንድ ሰሃን! በእኛ አገር አንድ ጥይት የቆጠበ ነበር ጀግና።

ተገላገልኩ ስል ሻጩ «የቱን ነው የሚጫወቱት?» አለ። ለካ ጨዋታው ሦስት ነው። ትራፕ በሚባለው ማሽኑ ከፊት ለፊት ዝቅ ባለ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሰሃኑን ወደ ፊት ያሸሸዋል፤ ተኳሹ ከ15 ሜትር ገደማ ኋላ ይቆማል። ሰሃኑ እየራቀና ከፍ እያለ ስለሚሄድ ረጅም በርሜልና ጠበብ ያለ አፍ ይፈልጋል ይላሉ፤ ፍሬዎቹ ቶሎ እንዳይበተኑ። ስኪት ላይ ደግሞ ሰሃኑ ከግራና ከቀኝ ካሉ ሁለት ቤቶች ወጥቶ ፊት ለፊት ያቋርጣል፤ ቅርብ ስለሆነ አፉ ሰፊ ይሁን ይባላል። ስፖርቲንግ ክሌይ የሚሉት ጫካ ለጫካ እየዞሩ ነው፤ ሰሃኑ አንዴ መሬት ለመሬት እንደ ጥንቸል ይንከባለላል፣ አንዴ ከዛፍ በላይ ያልፋል። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጠመንጃ ሊሸጥልኝ ዓይኑ ሲበራ አየሁት። ደግነቱ አሁን የጠመንጃው አፍ ላይ የሚጠመዘዝ ቱቦ ስላለ አንዱን ጠመንጃ ለሦስቱም ማድረግ ይቻላል። ቱቦውን ሊደረድርልኝ ሲጀምር መካከለኛውንና ሰፋ ያለውን ብቻ ይዤ ሌላውን መለስኩ። በርሜሉንም 30 ኢንች አልኩ፤ 28 ቢሆንም አይከፋም፣ ለአንድ ሽማግሌ ሁለት ኢንች ዓለም አይለውጥም።

አሁን ወደ ዘር ቆጠራው እንምጣ። አንደኛው መደርደሪያ የብራውኒንግ ነው። ስሙ የአሜሪካዊ፣ ሲቶሪ የሚሉት ጠመንጃው ግን ጃፓን የተሠራ! የጥንቱ ባለ ድርብ አፍ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበረው፣ የቤልጅግ ሥራ ነበር። ጆን ብራውኒንግ ሊዬዥ ላይ በ1926 እ.ኤ.አ. ሲሞት ሥራውን ያስጨረሰው ልጁ ቫል ነው፤ የወጣውም ከኤፍ.ኤን. ፋብሪካ፣ የእኛ አባቶች «ቤልጅግ» እያሉ የሚምሉበት ጠመንጃ ከወጣበት ቤት ነው። ይህን ለሻጩ ብነግረው «ኩል» አለኝ።

ሁለተኛው መደርደሪያ የጣሊያኑ ቤሬታ ነው። ከ1526 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርሜል ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ሥራቸውን አልነቅፍም። ግን አባቴ አርበኛ ነበር። የጣሊያን ጠመንጃ ገዝቼ ትከሻዬ ላይ ባስደግፍ ከመቃብሩ ተነስቶ ዱላውን ይፈልጋል። የሚያናድደኝ ደግሞ ከሞከርኳቸው ሁሉ ትከሻዬን ያልመታኝ የእነሱ ሴሚ አውቶማቲክ መሆኑ ነው። ከባሩዱ የሚወጣው ጋዝ ጥቂቱ ቀለሁን ለማውጣትና የሚቀጥለውን ለማጉረስ ስለሚውል ምቱ ይለሰልሳል። ባለ ድርብ አፉ እንዲህ አያዝንም፤ እሱ የሚያኮራው ሲከፈት ተሰብሮ ባዶነቱን ለሁሉ ማሳየቱና ቀለህ ጎረቤት ላይ አለመርጨቱ ነው። ወጣት ብሆን እሱን እይዝ ነበር። አማቼ በዓይኑ የሚበላቸው ጀርመን ሠራሽ ክሪግሆፎች ግን ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ናቸው፤ ሚስቱ፣ ማለትም ልጄ፣ ዋጋውን አታውቅም፤ እኔም አልነግራትም።

ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ «ረሚንግተን» የሚል አየሁ። ቆሜ ቀረሁ። ይህ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከግብጽ ሠራዊት የማረክነው ጠመንጃ ስም አይደለም ወይ? ያንን ያህል ብዙ መሣሪያ ገንዘብ ሳንከፍል ወስደናል፤ ዛሬ ለአንዱ ይህን ሁሉ ዶላር በሉኝ? ሞዴል 1100 የሚሉት ከ1963 እ.ኤ.አ. የጀመረ ሴሚ አውቶማቲክ ነው፤ እሱም በጋዝ የሚሠራ፣ ትከሻ የሚምር። ዘሩም ነውር የለበትም።

ዘሩ ይቅር፤ ዋናው ልክ መሆኑ ነው፤ ይህን ደግሞ ያሳየኝ ሻጩ አይደለም። መደርደሪያው አጠገብ ቆመው የነበሩ፣ ከእኔ የሚበልጡ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አዩ፤ አስያዙኝ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የአጋዘን ራስ አሳዩኝና «ዓይንህን ጨፍን» አሉኝ። ጨፍኜ ወደ ጉንጬ አነሳሁት። «አሁን ግለጥ» አሉ። የቀኝ ዓይኔ የሚያየው የጠመንጃውን ጀርባ ብረት ብቻ ነው፤ ጉንጬ በጣም ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ሌላውን አነሳሁ፤ በርሜሉ ዳገት ሆኖ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ጫፉ ላይ ያለችው ነጭ ፍሬ ከአጋዘኑ አፍንጫ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። «ሾትጋን ላይ የኋላ ማነጣጠሪያ የለም፤ የኋላ ማነጣጠሪያው ዓይንህ ነው፤ ዓይንህን የሚያስቀምጠው ደግሞ ሰደፉ ነው» አሉኝ። ቀጥለው በአውራ ጣቴና በአፍንጫዬ መካከል ሁለት ጣታቸውን አስገቡ። ልክ ገባ። አፍንጫዬ በስንት ጊዜዋ እፎይ አለች። ቀኝ ዓይኔ ከግራው የሚያይል መሆኑንም ጣቴን ወደ ሩቅ ነገር ቀስሬ አንዱን ዓይን በመጨፈን አሳዩኝ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ሻጩ ስልኩን ያይ ነበር።

ልኩን ያገኘሁበት ጠመንጃ የቱ እንደነበር ትጠይቁኝ ይሆናል። ረሚንግተኑ ነው፤ የአዲሱ ዋጋ ግን ከጡረታዬ ጋር አልተስማማም። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ያለህ ያገሬ ሰው፣ ያገለገለ ባለ 12 ረሚንግተን 1100 ልትሸጥ ካሰብክ ፈልገኝ። ሕጉ ስለሚያዝ ሱቅ ሄደን ወረቀቱን ሞልተን በፖሊስ ተጣርቶ ነው የምትሰጠኝ። በርሜሉ 28 ወይም 30 ቢሆን አልጣላም። ሰደፉ ግን ያልተቆረጠ ይሁን።