ይዞን ገበያ ወጣ

ሞንቴጎ ቤይ ካሉት ትልልቅ ሪዞርቶች በአንዱ ያረፈ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ቁርሱ፣ ምሳው፣ መጠጡ፣ ባሕር ዳር የሚጋደሙበት አልጋ ሳይቀር ቀድሞ ተከፍሎበታል። ያልተከፈለበት ነገር ቢኖር ከአጥሩ ውጪ ያለው ጃማይካ ነው። እሱን ማየት የፈለገ ሎቢው ጥግ ጠረጴዛ ዘርግታ ወደተቀመጠችው ልጅ ይሄዳል። ፏፏቴ መውጣት ውድ ነው፤ በቀርከሃ ታንኳ ወንዝ መውረድም እንደዚያው። «የከተማ ጉብኝትና የስጦታ ዕቃ ግብይት» የሚለው ግን ከሁሉም ርካሽ ነው። ለምን እንደረከሰ ልጅቷ አትናገርም። አየር ማቀዝቀዣ አለው፣ አስጎብኚ አለው፣ ውሃ በነፃ ነው ትልና ስማችንን ትመዘግባለች።

እኛ ሐበሾች ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የተመቸን ነን። ሌላው ቱሪስት ለፍሪጁ አንዲት ማግኔት ከገዛ ወጉ ደረሰው። እኛ ከመንገድ ተመልሰን ባዶ እጃችንን ሰው ፊት አንቆምም። ለጎረቤት፣ ለማኅበር ሴቶች፣ ልጅ ላቆየችልን፣ ከኤርፖርት መጥቶ ለሚወስደን፤ ይህ ሁሉ አሜሪካ ላለው ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ያዩና «ተመቻችሁ አይደል፣ ለእኛስ?» ይላሉ። አብራኝ የሄደችው አክስቴ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሳንነሳ የጻፈችው የስም ዝርዝር የዕድር መዝገብ ያህል ነበር። እንዲህ ያለ መዝገብ በቦርሳዋ የያዘች ሴት ከዚህ ጉብኝት ልትቀር አትችልም።

አስጎብኚው ደስ የሚል ሰው ነው፤ ይህንን አልክድም። አውቶቡሱ ከበሩ ሳይወጣ ማይክሮፎኑን ያዘና እንደ ጃማይካ ሰው «ያ ማን!» በሉ አለን። አልን። «አልሰማሁም!» እንደገና አልን። ከሦስተኛው በኋላ አክስቴ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ይኼ ልጅ ጆሮው ያመዋል እንዴ?» አለችኝ። ቀጥሎ ክብ ተለጣፊ ወረቀት አደለን፤ ላዩ ላይ የአውቶቡሱ ቁጥር ተጽፎበታል። ደረታችን ላይ የምንለጥፈው እንዳንጠፋ ነው ተባለ።

ከተማው መሀል ላይ ሳም ሻርፕ አደባባይ አለ። ሳም ሻርፕ በባርነት የኖረ የባፕቲስት ዲያቆን ነበር። በ1831 እ.ኤ.አ. የገና ሰሞን ባሪያዎች ካልተከፈለን አንሠራም እንዲሉ አስተባበረ፤ ነገሩ ወደ አመፅ ተለወጠና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተነሡ። እሱንም በ1832 እዚሁ ከተማ ሰቀሉት። በዓመቱ የእንግሊዝ ፓርላማ ባርነትን የሚሽር ሕግ አወጣ። ጃማይካ ዛሬ ከብሔራዊ ጀግኖቿ አንዱ አድርጋ ታከብረዋለች፤ አደባባዩ ላይ ሕዝብ ሲሰብክ የሚያሳይ ሐውልት ቆሞለታል። ጥጉ ላይ ደግሞ ያመለጡ ባሪያዎች ይታጎሩበት የነበረ ትንሽ የድንጋይ ቤት አለ፤ «ኬጅ» ይሉታል።

ይህን ሁሉ ያየነው በመስኮት ነው። «በስተቀኛችሁ ብሔራዊ ጀግናችን!» አለ አስጎብኚው፤ ሹፌሩ ፍሬኑን ነካ አደረገ፤ በግራ በኩል የተቀመጥነው የጎረቤቶቻችንን ጭንቅላት ፎቶ አነሣን። አውቶቡሱ ሙሉ በሙሉ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጌጣጌጥ ቤት በር ላይ።

ጌጣጌጥ ቤቱ ውስጥ ስንገባ ሻጯ መጀመሪያ ያየችው ፊታችንን አይደለም፤ ደረታችን ላይ ያለውን ቁጥር ነው። ወደ ደረሰኝ ደብተሯ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን ጻፈች። የዚያች ተለጣፊ ወረቀት ምሥጢር ይኼው ነው። ከምንገዛው ላይ ለአስጎብኚውና ለሹፌሩ የሚታሰብ አለ። ኮሚሽን መብላት ነውር ነው አልልም፤ እኛስ አገር ያለ ደላላ ማን ቤት ተከራይቶ ያውቃል? ደላላ ግን ደላላ ነኝ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ማይክሮፎን ይዞ ታሪክ ልንገራችሁ አይልም። እኛ ገበያ ወጣን ብለን ቦርሳችንን አንግተናል። ለካ ገበያ የወጣው እሱ ነው፣ እኛን ይዞ።

ደግሞ የሚሸጡልን ነገር! ጃማይካ ድረስ ለሄደ ሰው በኩራት የሚያወጡለት ታንዛናይት ነው። ታንዛናይት በዓለም ላይ ከታንዛኒያ በቀር የትም አይወጣም፤ ከኪሊማንጃሮ ብዙ የማይርቅ ቦታ ነው የሚቆፈረው። ካሪቢያን የሚሄድ የመርከብ መንገደኛ ግን በየወደቡ የባሕሩ ስጦታ ይመስል ይሸምተዋል። ጎኑ ባለው መደርደሪያ ላይ የኢትዮጵያ ኦፓል የሚል ቀለበት ተቀምጧል። አክስቴ ደላንታ ተወልዳ ያደገች ናት። መነጽሯን አወጣችና ዋጋውን አየች፤ መልሳ አየች። «ይኼ የወገል ጤና ድንጋይ አይደለም?» አለችኝ። ነው አልኳት። «የቆፈረው ልጅ ስንት አግኝቶበት ይሆን?» ሻጯ አክስቴ ልትገዛ ያሰበች መስሏት ወንበር አቀረበችላት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሰዓቱ ነገር ነው። ለጌጣጌጥ ቤቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ተሰጠን። የገዛው ሁለት ሰው ነው፤ ሌሎቻችን በየመስታወቱ ዙሪያ ስንዞር ቆየን። ሃርበር ስትሪት ላይ ያለው የዕደ ጥበብ ገበያ ስንደርስ ግን «ሃያ ደቂቃ!» ተባለ። ከዚያ በፊት የማስጠንቀቂያ ንግግር አለ። ቦርሳችሁን ያዙ፣ የሚጠራችሁን ሁሉ አትመልሱ፣ ያስቸግሯችኋል። ገበያው ውስጥ ለአስጎብኚው የሚታሰብ ነገር እንደሌለ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ያስቸግራሉ፤ እውነት ነው። ጠባብ የእንጨት ሱቆች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ በር ላይ አንዲት እናት ወይም አንድ ጎልማሳ «ማየት ነፃ ነው፣ ግቡ!» እያለ ይጠራል። አንዱ ሱቅ ውስጥ ያየነው ኩባያ ቀጣዮቹም ሁሉ ውስጥ አለ፤ ሥሩን ሲገለብጡት ቻይና የተሠራ ነው። ዋጋው ላይ የተጻፈው የዶላር ምልክት የጃማይካ ይሁን የአሜሪካ ካልጠየቁ አይታወቅም። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ150 የጃማይካ ዶላር በላይ ስለሚመነዘር፣ ለአንዲት ኩባያ 1500 የሚል ወረቀት ያየ ሰው ልቡ ሊቆም ይደርሳል። በአሜሪካ ዶላር የከፈለም መልሱን በጃማይካ ይቀበላል፤ ምንዛሬውን የሚያወጣው ሱቁ ነው። ግን እነዚህ ሰዎች ምን ያድርጉ? ሰዉ ሁሉን ነገር ሪዞርቱ ውስጥ ከፍሎ ጨርሶ፣ በአጥር ተከቦ ይውላል። ከአጥሩ ሲወጣ በአውቶቡስ ነው፤ አውቶቡሱ ደግሞ እነሱ ጋ የሚቆየው ለሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ ብቻ ያለው ነጋዴ እጅ ቢጎትት አይፈረድበትም።

በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው የጃንሆይን ፊት ያየነው። በቲሸርት፣ በባሕር ፎጣ፣ በቁልፍ መያዣ፣ በሲጋራ መተርኮሻ ላይ። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ በያለበት አለ፤ ብዙውን ጊዜ ቀዩ ላይ ሆኖ፤ አንበሳውም ከጎኑ። አክስቴ ልጅ ሆና፣ ጃንሆይ ደሴ ሲመጡ ከተማሪዎች ጋር መንገድ ዳር ተሰልፋ ያጨበጨበች ናት። የአረቄ መለኪያ ላይ ምስላቸውን ስታይ ቆም አለች። አነሣችው፤ በሻርፗ ጫፍ አቧራውን ጠረገችና ምስሉን ወደ ግድግዳው አዙራ አስቀመጠችው። ቀጥላ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ባለሱቁ ምን እያደረገች እንደሆነ ሳይገባው ቆሞ ያያታል።

ጎኑ ላይ ደግሞ ባለሦስት ቀለም የሱፍ ኮፍያ ተሰቅሏል፤ ከኮፍያው ሥር ከክር የተገመደ ድሬድ ተንጠልጥሏል። ቱሪስቶች እያጠለቁ እየተሳሳቁ ፎቶ ይነሣሉ። ከዚህ ገበያ በመኪና ትንሽ እንደተሄደ ኮራል ጋርደንስ የሚባል ሰፈር አለ። በ1963 እ.ኤ.አ. በፋሲካ ሰሞን እዚያ ግጭት ተነሥቶ ሰው ከሞተ በኋላ፣ ፖሊስ ራስታ የተባለውን ሁሉ እያሳደደ አሠረ፣ ደበደበ፣ ፀጉሩን ሸለተ። የጃማይካ ጠቅላይ ሚኒስትር አንድሩ ሆልነስ በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ጃንሆይ ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ የደረሱት ከግጭቱ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. (በ1966 እ.ኤ.አ.) ነበር። ሕዝቡ አውሮፕላኑን ከቦት ለጊዜው መውረድ አቅቷቸው ነበር፤ መንገድ እንዲለቀቅ ሰዉን የተማፀነው ሞርቲመር ፕላኖ የሚባል የራስታ ሽማግሌ ነው። አስጎብኚያችን ስለዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስለ ኮፍያው ግን «ለልጆች ጥሩ ስጦታ ነው» ብሏል።

ከኋላ በኩል አንድ ሽበት የጣለ ራስታ የእንጨት አንበሳ በአሸዋ ወረቀት ሲያለሰልስ አገኘን። በገበያው ውስጥ የሚሸጠውን በእጁ ሲሠራ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። አክስቴ አንበሳውን አነሣች።

«ስንት ነው ልጄ?»

እኔ አስተረጎምኩ። «አርባ ዶላር፣ እቴጌ።»

«አሥር በለው።» የሾላ ገበያ ልማዷ መጣ። እሱ ሳቀና ከየት እንደመጣን ጠየቀ። ያኔ ዝም ብንል ይሻለን ነበር። ኢትዮጵያ የሚለውን ቃል ሲሰማ የአሸዋ ወረቀቱን አስቀመጠ፤ የሁለት እጁን ጣቶች አጋጥሞ ደረቱ ላይ አደረገና ጎንበስ አለ። ግርማዊነታቸውን በዓይንሽ አይተሻል ወይ አላት። አይቻለሁ አለች። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሻሸመኔ ስላለ ዘመዱ ነገራት። ከዘር የተሠራ አምባር አውጥቶ እጇ ላይ አሠረላት፤ ስጦታ ነው፣ አይከፈልበትም አለ። አንበሳው ግን አርባ ነው። አምባር በስጦታ ከተቀበሉት ሰው ጋር፣ ንጉሣችሁን አምናለሁ ብሎ ካነባ ሰው ጋር እንዴት ዋጋ ይከራከሩታል? አክስቴ አርባውን ቆጥራ ሰጠች። ዞር ስንል «መርካቶ ቢሆን እንዲህ አልሸነፍም ነበር» አለች።

ሌላም ሱቅ ማየት ፈልጋ ነበር፤ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ።

የቀረው መንገድ እንደ ፊተኛው ነው። ቡና ቤት ወሰዱን፤ ቡና የሚሸጥበት ማለቴ ነው። ብሉ ማውንቴን እውነትም ምርጥ ቡና ነው፤ እዚያ በኩራት እንደሚነግሩት በ1728 እ.ኤ.አ. የቀድሞው አገረ ገዢ ሰር ኒኮላስ ሎውስ ከማርቲኒክ አስመጥቶ ካስተከለው ዘር የመጣ ነው። ማርቲኒክ ደግሞ ከየት አመጣችው ብሎ የጠየቀ የለም። ከመሸጫው መደርደሪያ ላይ ስሙ በትልቁ የተጻፈበትን ከረጢት አነሣሁና ጀርባውን አነበብኩ፤ «ብሌንድ» ይላል በትንሹ። ንጹሑ ያለው ከባንኮኒው ጀርባ ነው፤ ዋጋው ሲነገረኝ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ የሩም ቅምሻ፣ ከዚያ የሩም ኬክ፣ ከዚያ የጀርክ ማባያ። በየመሀሉ ደረታችን ላይ ያለው ቁጥር ይነበባል። አክስቴ ኋላ ላይ ወረቀቱን ልጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ሻጯ «ቁጥርሽ የት ሄደ?» ብላ ስታስቸግራት መልሳ ለጠፈችው።

ስንመለስ አስጎብኚው ማይክሮፎኑን ያዘና ስለ ልጆቹ አወራ፤ ስለ ነዳጅ ዋጋም። ባዶ ባርኔጣ ከወንበር ወንበር ዞረ። ሁላችንም ከተትን። ይህ ሰው ደሞዙ ብቻውን ቤት እንደማያኖረው አያጠራጥርም፤ ስለዚህ እሱን መውቀስ አልሆነልኝም። የሚቆረቁረኝ ጉብኝቱን ሸጦልን ከተማውን ሳያሳየን፣ ከተማውም የራሱን ዕቃ ሳይሸጥልን ቀኑ ማለቁ ነው።

በማግስቱ ኤርፖርት ሻንጣችንን አስረክበን ወደ ፍተሻው ስንደርስ፣ ከአውቶቡሳችን ሰዎች ብዙዎቹ እዚያው ወረፋ ላይ ነበሩ። ሱቁ ውስጥ «እሽግ ነው፣ ማንም አይነካችሁም» ተብለው ማባያውን በእጅ ቦርሳ ይዘዋል። ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ ደግሞ አያልፍም፤ እሽግ ሆነ አልሆነ። ከመፈተሻው ጎን ያለው ሣጥን በጀርክ ማባያ ጠርሙስ ተሞልቷል። ፍተሻውን አልፈው አሥር እርምጃ ሲራመዱ የኤርፖርቱ ሱቅ አለ፤ ያው ጠርሙስ፣ ያው ስም ተደርድሮበታል፤ ዋጋው ብቻ ጨመር ብሏል። የተነጠቁት ቀጥ ብለው ሄደው እንደገና ገዙ። አክስቴም አንዱን አነሣችና ገንዘብ ተቀባይዋን «መጨረሻው ስንት ነው?» በይልኝ አለችኝ። ልጅቷ መልስ አልሰጠችም፤ ጠርሙሱን ተቀብላ ማሽኑ ላይ «ቢፕ» አደረገችው።