ለማን ፍለጋ

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ወጣት ተመራማሪ አለ። ጤናውን ሲጠይቁት የሚመልሰው ኤች ኢንዴክሱን ነው። መለኪያውን በ2005 ያወጣው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ኤች ኢንዴክሱ 10 የሆነ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች አሉት። አንዲት ጽሑፍ ብቻ አሳትሞ ሺህ ጊዜ የተጠቀሰ ግን 1 ነው፤ ከዚያ ፈቀቅ የለም።

«በእንዶድ ተክል ምርምር የሚታወቁት የዶክተር አክሊሉ ለማስ ስንት ነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ዳታቤዝ ከፍተው ይዩዋ! የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»

ከፈትኩ። ማሽኑ ሰውን በአባቱ ስም ነው የሚጠራው፤ እኛ አክሊሉ የምንላቸው እዚያ «ለማ፣ ኤ.» ናቸው። «ለማ» ብዬ ስጽፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጎረፉብኝ። ለካ እነሱ ለአጋዥ ቲዎረም የሚሰጡት ስም በላቲን ፊደል ከአቶ ለማ ጋር አንድ ነው! ሒሳቡን አስወጥቼ «ኤ.» ብጨምርበት አበበም፣ አልማዝም፣ አየለም የለማ ልጆች ሆነው አንድ መዝገብ ውስጥ ተፋፍገዋል። «አክሊሉ፣ ኤል.» ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሰው ሆኖ ተቀምጧል። በ1997 ያረፉት ዶክተር ከዚያ በኋላም ስለ ስንዴ ዋግ ሲያሳትሙ አገኘኋቸው። እንዲህ ያለውን ትጋት ለዚያ ጎረምሳም ያድለው አልኩ።

ሰውየውን ትቼ ተክሉን ያዝኩ። የእንዶድን ሳይንሳዊ ስም፣ ፊቶላካ ዶዴካንድራን፣ ስጽፍ መንገዱ ተከፈተ። ነገሩ ወደ 1964 ይወስዳል። ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የቢልሃርዝያ ተውሳክ የሚራባባቸው ቀንድ አውጣዎች ሞተው ዶክተሩ አዩ። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት ፊላደልፊያ ውስጥ ዩጂን ጋርፊልድ የዛሬዎቹን ዳታቤዞች አያት፣ የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ፣ አሳተመ። ቆጣሪውና የሚቆጠረው ነገር እኩያ ናቸው ማለት ነው።

እኩያ ቢሆኑም አልተገናኙም። በ1989 አክሊሉ ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ፤ ሽልማት ጥቅስ አይደለም። እንዶድ አሜሪካ ድረስ ተሻግሮ ታላላቆቹን ሐይቆች በወረረው፣ የውሃ ቧንቧ በሚደፍነው፣ ዜብራ መስል በተባለው ባለ ዛጎል እንስሳ ላይ ተሞከረ፤ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲም ፓተንት አወጣበት። ፓተንቱም የሚገባው ሌላ መዝገብ ውስጥ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ከእንዶድ ፍሬ የተገኘው ቀንድ አውጣ ገዳይ ነገር «ለማቶክሲን» መባሉ ነው። ይህን ቃል የጻፈ ሁሉ የዶክተሩን ስም እየጠራ ነው፤ ጽሑፋቸውን ካልጠቀሰ ግን ቆጣሪው አይሰማውም። ሮበርት መርተን የተባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር አስቀድሞ አስተውሎታል፦ ግኝት የጋራ እውቀት ሲሆን ምንጩን መጥቀስ ይቀራል። ስለዚህ የቁጥር ማነስ አንዳንዴ የማሸነፍ ምልክት ነው።

ለስሙ ምስቅልቅል በ2012 መድኃኒት መጥቷል፤ ኦርኪድ የሚሉት ባለ 16 አሃዝ መለያ። አበበና አልማዝ በእሱ ይለያያሉ። የሚመዘገበው ግን ተመራማሪው ራሱ ነውና ለሞተ አይደርስም።

የእንዶድን ጥቅስ ከአንዱ ወደ ቀደመው እየተከተሉ ወደ ኋላ ቢሄዱ መጨረሻው ላይ የሚገኙት እነዚያ ልብስ አጣቢ ሴቶች ናቸው። አንድም ቦታ ስማቸው የለም። አላሳተሙማ! ሥራ ላይ ነበሩ።