ጋሪው ፈረስ ሲመርጥ

የቤት መኪናው አርጅቶ በሌላ የሚተካበት ቀን ሲደርስ፣ ጀርመን አገር የሚኖር ባለካራቫን ቤተሰብ ሸንጎ ይቀመጣል። አባት የነዳጁን ወጪ ያነሳል፤ እናት ስለ መኪና ማቆሚያው ጥበት ትናገራለች፤ ልጆች የኋላ ወንበር ይስፋልን ይላሉ። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን ሸንጎው ላይ ያልተገኘው፣ ደጅ ቆሞ አረንጓዴ ሽበት ያበቀለው ካራቫን ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ ሽንት ቤቱ ሳይቀር ተሟልቶለት ሞተር ብቻ የተነፈገ ቤት ስለሆነ ሁልጊዜ ጎታች ይፈልጋል። በዓመት ጥቂት ሳምንት ወጣ ብሎ ይመለስና ቀሪውን ጊዜ ቆሞ ይከርማል። ሆኖም «እኔን የሚጎትት ይገዛ» ብሎ ስለሚፈርድ፣ ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ ዳቦና ወተት የሚያመላልሰው ተራራ በሚያክል መኪና ይሆናል። አበው «ከፈረሱ ጋሪው» ብለው የታዘቡት እንዲህ ያለውን ነገር ነው። የእኔ ክርክር አጭር ነው፦ መኪናው ለዘወትር ኑሮ ይመረጥ፤ ካራቫኑ በመኪናው ልክ ይሰፋ።

ይህ ጠብ አዲስ አይደለም። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ስኮትላንዳዊ የባሕር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1885 «ዋንደረር» የሚባለውን የመዝናኛ ሠረገላ ብሪስቶል ላይ አሠራ። ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ቤት የሚጎትቱት ሁለት ፈረሶች ነበሩ፤ አሽከሩ ደግሞ በባለሦስት እግር ብስክሌት ፊት ፊት እየሄደ መንገደኛውን ያስጠነቅቅ ነበር። በዚህ መንገድ መጀመሪያ ቤቱ ተሠራ፤ ከዚያ ፈረስ ተፈለገ፤ ፈረሱም ስላልበቃ አሽከር ተጨመረ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1931 አሪስት ዴትሌፍስ የተባለው ጀርመናዊ ለሥራ የሚዞርበት መኪና ነበረው። የቤተሰቡ ድርጅት ጅራፍና የበረዶ መንሸራተቻ ምርኩዝ ያመርት ነበር፤ ሠዓሊ የነበረችው እጮኛው ከጉዞው መለየት ስላልፈለገች ለመኪናው የሚሆን ተሳቢ ቤት ሠራላት። የጅራፍ ነጋዴው ፈረሱን ከጋሪው አስቀደመ። ባለጅራፍ ስለ ፈረስ ቢያውቅ ምን ይደንቃል!

ወደ ዛሬው እንምጣ። የጀርመን ሊብሬ ላይ «ኦ.1» የሚል ቦታ አለ፤ መኪናው ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ ስንት ኪሎ መጎተት እንደሚችል የሚነግረው እሱ ነው። ሻጩ ስለ ፈረስ ጉልበት ሲያወራ ገዢው ማየት ያለበት ይህቺን መስመር ነው፤ ግን እሷም ብቻዋን አትበቃም። መኪናው ከነሙሉ ጭነቱ የተፈቀደለት 2,050 ኪሎ፣ ካራቫኑ 1,500 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 3,550 ይመጣል። ተራው «ቢ» መንጃ ፈቃድ እንዲህ ላለው ጥምረት የሚያደርሰው 3,500 ድረስ ነው። ሕጉ የሚደምረው በወረቀት የተፈቀደውን እንጂ የተጫነውን ስላልሆነ፣ ካራቫኑን ባዶውን ብንጎትተውም ከሃምሳዋ ኪሎ አናመልጥም። ሰባት ሰዓት የሚፈጅ ሥልጠና የወሰደ እስከ 4,250 ይፈቀድለታል። ከዚያ ደግሞ ዕቃው አለ፦ እያንዳንዳቸው 11 ኪሎ ጋዝ የሚይዙ፣ ብረታቸው የዚያኑ ያህል የሚከብድ ሁለት ሲሊንደሮች፤ 40 ሊትር ውኃ ማለት 40 ኪሎ፤ ድንኳን፤ ብስክሌት። ቤተሰቡ ሐበሻ ከሆነ የኤሌክትሪክ ምጣዱም «ተራራ ላይ እንጀራ ቢያምረንስ?» ተብሎ ይሳፈራል። ምጣዱ ከፊት ከተጫነ በመኪናው ጋንቾ ላይ የሚያርፈውን ክብደት ይጨምራል፤ ብዙ መኪና የሚችለው ደግሞ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ነው።

«ታዲያ ከባድ መኪና መግዛቱ አይሻልም? ካራቫኑን ጸጥ አድርጎ ይይዘዋል» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ትልቅ የጭነት መኪና አጠገባችን ሲያልፍ ነፋሱ ካራቫኑን ይገፋዋል፤ ካራቫኑ ጭራውን መወዝወዝ ይጀምራል፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ይብስበታል፤ ቀላል መኪናንም ይዞ ይዞራል። እንግሊዞች ለጀማሪ «ካራቫንህ ከመኪናህ ባዶ ክብደት 85 በመቶ አይብለጥ» ብለው የሚመክሩት ለዚህ ነው። ጀርመንም በ80 ፋንታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እንዲነዳ ስትፈቅድ፣ መወዛወዝን የሚገታ መያዣ ያለውም ካራቫን እንኳ ከመኪናው ባዶ ክብደት እንዳይበልጥ፣ ጎማውም ስድስት ዓመት እንዳይሞላው ትጠይቃለች። ነገር ግን ጉዳዩ የሁለት ክብደቶች ንጽጽር ነው። መኪናውን በማደለብ የሚገኘው ደኅንነት ካራቫኑን በማክሳትም ይገኛል፤ ልዩነቱ የደለበው መኪና ዓመቱን ሙሉ ነዳጅ ሲቀለብ የከሳው ካራቫን ግን ምንም አለመጠየቁ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ወዳጆችም የራሳቸው መልስ አላቸው፦ «ጉልበት ሞልቶናል!» እርግጥ ነው፣ ቴስላ ሞዴል ዋይ 1,600 ኪሎ ይጎትታል። ሬኖ ዞዪ ግን ለጉተታ ጭራሽ አልተፈቀደላትም፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሁሉ አንድ አይደለም። ጎታቹም ቢሆን ከኋላው ቁም ሣጥን የመሰለ ነገር ነፋስ እየገፋ ሲከተለው፣ በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ብዙ የቻርጅ ማድረጊያ ቦታዎች ደግሞ ለብቸኛ መኪና ስለተሠሩ፣ ካራቫኑን ፈትቶ፣ ሞልቶ፣ መልሶ መቀጠል ግድ ይላል። እዚህ ላይ ክብደት መቀነስ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ጣሪያው ታጥፎ ዝቅ የሚል፣ ለነፋስ ደረቱን የማይሰጥ ካራቫን ያስፈልጋል። ይህም ቢሆን ካራቫኑ ለመኪናው ይታዘዝ የሚለውን ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም።

«ካራቫኑ አስቀድሞ ተገዝቷል፤ ምን እናድርገው?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ከትዝታው መለየት ይቸግረዋልና። ግን ካራቫን ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ ለጥቂት ሳምንት ጋንቾ ያለው መኪና መከራየትም ይቻላል። ክረምቱን ስፔን ድረስ ጎትተው ወራት ለሚቀመጡ ጡረተኞች ፍርዴ ይለያል፤ ቤታቸው እሱ ስለሆነ ጋሪው ፈረሱን ይምረጥላቸው፣ ይገባዋል። ለቀረነው ግን ወደ መኪና ሻጭ ከመሄዳችን በፊት መንገዱ በሚዛን በኩል ነው። ካራቫኑን ለዕረፍት እንደምንሄድ አድርገን ጭነን እናስመዝነው፤ ባለፈው ዓመት ወጥቶ ሳይነካ የተመለሰውን ዕቃ እናውርድና እንደገና እናስመዝነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሻጩ በውድ ዋጋ ሊሸጥልን የሚፈልገው ትርፍ ጉልበት ነው፤ ምጣዱን ቤት በመተው ብቻ በነጻ እናገኘዋለን።