ብርድ በጂዳ

ጉልበቴ ይጮኻል። አያመኝም፤ ይጮኻል ብቻ። ቤት ውስጥ ጨዋ ነው። መስጊድ ገብቼ፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት ወደ ሱጁድ ስወርድ ግን «ቀጭ!» ይላል። ባለፈው ከጎኔ የሰገዱ የወሎ ሽማግሌ፣ እንዳሰላመትን ዞር ብለው ጉልበቴን አዩና «ልጄ፣ ብርድ መቶሃል» አሉኝ።

ጂዳ ውስጥ! በነሐሴ! ነሐሴ አገር ቤት የጋቢ ወር ነው፤ እዚህ ግን ቀይ ባሕር ራሱ የሚያልበው ይመስላል። እኛ ሐበሾች ስንሰደድ ብርዳችንንም ጠቅልለን ነው የመጣነው። ወገብ? ብርድ ነው። አንገት? ብርድ ነው። ሆድስ? እሱማ የብርድ ዋና ከተማ ነው።

ነገሩን መተው አቃተኝና ማንበብ ጀመርኩ። መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ እንቁላል ውሃ የሚዝለገለግ ፈሳሽ አለ፤ ጋዝም ሟሙቶበታል። አጥንቶቹ ድንገት ሲላቀቁ ግፊቱ ይወርድና አረፋ ይፈጠራል፤ «ቀጭ» የሚለውም ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ጣት ሲንቋቋ በኤምአርአይ ቀርጸው አይተውታል። ጉልበት ላይ ደግሞ ጅማት አጥንት ላይ ሲንሸራተትም ይጮኻል። ዶናልድ አንገር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እናቱ «ጣትህን ካንቋቋህ ሪህ ይይዝሃል» ብትለው፣ ከ60 ዓመት በላይ የግራ እጁን ጣቶች ብቻ ሲያንቋቋ ኖረ። በስተርጅና ሁለቱን እጆቹን ቢያስተያይ ሪህ የለም! እ.ኤ.አ. በ2009 በሚያስቅ ምርምር የሚገኘውን የኢግ ኖቤል ሽልማት ወሰደ። እናቱ ሐበሻ ብትሆን ኖሮ ግን ሽልማቱንም «ብርድ ነው» ትለው ነበር።

ወደ መካ ዑምራ ወጣሁ። ጂዳ ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ላብ በቀላሉ አይተንም፤ ቆዳዬ እንደሚያፈስ ጀሪካን ይንጠባጠባል እንጂ አይቀዘቅዝም። መካ ሸለቆዋ ደረቅ ነው፤ ላቡ ሳይታይ ይጠፋል። በሰፋና በመርዋ ኮረብታዎች መካከል ሰባት ጊዜ ይኬዳል፤ አንዱ ጉዞ 450 ሜትር ያህል ነው፤ ሰባቱ ሲደመሩ ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣሉ። ጉልበቴ አንዴም አልጮኸም። የአጥንት ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ እንደ ስፖንጅ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ነው የሚመገበው። ለካ በመቀመጥ ሳስርበው ኖሬያለሁ!

ስመለስ ታክሲ ውስጥ አንዲት የአገሬ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ጉልበቷ እንደ ዳቦ ኩፍ ብሏል። የአራት ፎቅ ደረጃ ተንበርክካ ነው የምታጥበው።

«ምን ሆነሽ ነው፣ እኅቴ?»

«ብርድ ነው። ሁሉም እንደዚያ አለኝ።»

እዚህ ላይ ሳቄ ጠፋ። በጉልበት ሎሚና በቆዳ መካከል ትንሽ የፈሳሽ ከረጢት አለች፤ በየቀኑ ሲንበረከኩባት ታብጣለች። ፈረንጆች በሕክምና መጽሐፋቸው ሳይቀር «የቤት ሠራተኛ ጉልበት» ብለው ስም አውጥተውላታል። በሽታው በሥራዋ ስም እየተጠራ እኛ ብርድ እንላለን! ብርድን መክሰስ ምን ይከብዳል? ብርድ ደሞዝ አያስቀርም፤ ብርድ «ውጪልኝ» አይልም። ለብርድ ጋቢ ይበቃል፤ ለዚህኛው ግን ዕረፍት መጠየቅ አለበት፤ ማን ይጠይቅላታል?

«ብርድ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ምንድነው?» አለችና አየችኝ። ብነግራት ዕረፍቱን ከየት ታመጣዋለች? ዝም አልኩ።

ጂዳ ደርሰን ስወርድ ጉልበቴ «ቀጭ!» አለ።

«ውይ ወንድሜ፣ አንተንም መቶሃል!» ብላ ከቦርሳዋ አቡ ፋስ የሚባለውን ቅባት አውጥታ ሰጠችኝ።

ማታ ተቀባሁት። ኤሲውንም ቀነስኩ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።